ዝርዝር በጠፋበት ዘመን፤ የችግር ጊዜ ገንዘብና የጋሞ ገበያ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት መባቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1914፣ በጀርመን ሕዝቡ ሳንቲሙን ሲደብቅና መንግሥትም ብረታ ብረቱን ለጦር መሣሪያ ሲሰበስብ ከገበያ ዝርዝር ጠፋ። ከተሞችና ፋብሪካዎች የየራሳቸውን ወረቀት እያሳተሙ ጉድለቱን ሸፈኑት። ይህ ገንዘብ «ኖትጌልድ»፣ ማለትም የችግር ጊዜ ገንዘብ፣ ተባለ። የጨርቃ ጨርቅ ከተማ የሆነችው ቢሌፌልድ በሐር ላይ ሳይቀር አትማለች። ሰብሳቢው እየበዛ ሲሄድ ብዙ ከተሞች ለግብይት ሳይሆን ለእርሱ ብቻ ብለው ያሳትሙ ጀመር፤ አትራፊ ንግድ ነበር። በኅዳር 1923 አንድ የአሜሪካ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ሲያወጣ ግን ወረቀቱ ሁሉ ከንቱ ሆነ። ከንቱ መሆኑም ጠቀመው፤ ለሌላ ተግባር የሚፈልገው ስላልነበረ በየአልበሙ ተቀምጦ እስከ ዛሬ ቆየ።

በኢትዮጵያም የዝርዝር ችግር የቆየ ነው። የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም የሚመዝን በመሆኑ ዶሮ ወይም ሽንኩርት ለሚገዛ ሰው አይመችም። የአቢሲኒያ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1915 ያወጣው የወረቀት ገንዘብም ትንሹ ባለ 5 ብር ነበር። ስለዚህ ገበያው መፍትሔውን ማተሚያ ቤት ሳይጠብቅ ራሱ አበጀ። ከአፋር ረባዳ ምድር በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ ጨው ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። ጥይት እንደ ሳንቲም ተቆጠረ። በደቡብም፣ በጋሞ ጎረቤት በወላይታ፣ ማርጯ የተባለ ብረት ይገበያዩበት ነበር።

አርባ ምንጭ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ስትሆን በሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ብር ከነሳንቲሙ ሥራ ላይ ውሎ ስለነበረ ይህን ችግር እምብዛም አላየችም። የቀድሞዋ መቀመጫ ጨንቻ ግን የብሩን ዘመን፣ የኢጣሊያን ሊሬና ከእርሱ ቀጥሎ የመጣውን የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አሳልፋለች። በእነዚያ ደጋዎች የጥንት ገንዘብ የሚፈልግ ሰብሳቢ ሊሬውን ምናልባት ከአሮጌ ሣጥን ያገኘው ይሆናል። ብሩን ቢያገኝ ቪየና ትምታው ወይም ከ1935 ወዲህ ሮማ፣ ዘመኑ ሁልጊዜ 1780 ነውና በቀላሉ አይለየውም። ከዚያም ብዙው ቀልጦ ጌጥ ሆኗል። አሞሌው በወጥ ገብቶ ተበልቷል፤ ጥይቱ ተተኩሷል፤ ማርጯውም በቀጥቃጭ እጅ ማረሻና ዶማ ሆኖ አፈር ሲቆፍር አልቋል።