በፕሮጀክት ማኔጅመንት ሶፍትዌር ዕይታዎችን መቀያየር

የፕሮጀክት ዕቅድ በማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ሲዘጋጅ ተግባራት፣ የጊዜ ሰሌዳ፣ የሰው ኃይልና ወጪ በአንድ ፋይል ውስጥ ይመዘገባሉ። ይህ መረጃ በስክሪን ላይ የሚቀርብበት መልክ ዕይታ ይባላል። ዕይታ በመቀየሩ መረጃው አይለወጥም፤ በአንዱ ዕይታ የተሰረዘ ተግባር ግን ከሁሉም ዕይታዎች ይጠፋል።

ዕይታን ለመቀየር «ቪው» የሚለውን ትር ተጭኖ የሚፈለገውን መምረጥ በቂ ነው። በተደጋጋሚ የሚያስፈልጉት የሚከተሉት ናቸው፦

• ጋንት ቻርት፦ ተግባራትን በዝርዝር፣ የሚወስዱትን ጊዜ ደግሞ በአግድም አሞሌ ያሳያል። ስያሜው አሜሪካዊውን መሐንዲስ ሄንሪ ጋንትን (1861–1919 እ.ኤ.አ.) ያስታውሳል።

• ኔትወርክ ዲያግራም፦ የትኛው ተግባር የትኛውን እንደሚጠብቅ ያሳያል። ቢዘገዩ የፕሮጀክቱን ማጠናቀቂያ ቀን የሚያራዝሙ ተግባራት በቀይ ይለያሉ።

• ሪሶርስ ሺት፦ ባለሙያዎችንና ግብዓቶችን ከነዋጋቸው ይዘረዝራል። ከአቅሙ በላይ ሥራ የተደለደለበት ባለሙያ በቀይ ይታያል።

• ትራኪንግ ጋንት፦ የአሁኑን የጊዜ ሰሌዳ ከመነሻ ዕቅዱ ጋር ያነጻጽራል። መነሻ ዕቅዱ አስቀድሞ ካልተመዘገበ ንጽጽር አይኖርም።

ሪፖርት አዘጋጆች ሊያስተውሉት የሚገባ ዋና ጉዳይ አለ። አንድ ተግባር ዘግይቶ ቀኑ ሲስተካከል በጋንት ቻርት ላይ ያለው አሞሌም አብሮ ይሸጋገራል። በመሆኑም በወራት የዘገየ ፕሮጀክት በዚህ ዕይታ ብቻ ሲታይ በወቅቱ የሚከናወን ሊመስል ይችላል። መዘግየቱ በግልጽ የሚታየው በትራኪንግ ጋንት ነው።

አንዳንድ ተግባራት ከዕይታ ቢጠፉ እንደገና ከመመዝገብ በፊት ማጣሪያ መኖር አለመኖሩን በስክሪኑ ግርጌ ባለው አሞሌ ማረጋገጥ ይገባል። የተደበቀን ተግባር ዳግም መመዝገብ ወጪውን ሁለት ጊዜ እንዲቆጠር ያደርጋል።

የበጀት ዓመትን በሚመለከት፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን፣ ማለትም ጁላይ 8 ይጀምራል። ሶፍትዌሩ ግን የበጀት ዓመት መነሻን በወር ብቻ ስለሚቀበል ጁላይ ሲመረጥ ስሌቱ ከጁላይ 1፣ ማለትም ከሰኔ 24 ቀን ይነሳል። የእነዚህ 7 ቀናት ሥራና ወጪ ወደ ቀጣዩ ዓመት እንዳይቆጠር፣ በሪሶርስ ዩሴጅ ዕይታ የጊዜ መለኪያውን ወደ ቀን ቀይሮ አኃዙን ለይቶ ማስላት ያስፈልጋል።