ቀዳማይ ድጋፍ፦ ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው

ዜና የሚከታተል ሰው «ጣልቃ ገብነት» ሲባል ሲሰማ ትዝ የሚለው የሌላ አገር ጦር ወይም በማያገባው ገብቶ ነገር የሚያቦካ ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ባለሙያ አንዲትን እናት «ልጅሽ ቅድመ ጣልቃ ገብነት ያስፈልገዋል» ቢላት ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ቃሉ ግን ከውጭ ቋንቋ በቀጥታ ተገልብጦ በሥልጠናና በስብሰባ ላይ እየተለመደ መጥቷል። «ቅድመ» የሚለውም አልረዳውም። ቅድመ ወሊድ ከወሊድ በፊት ያለው ጊዜ ከሆነ፣ ቅድመ ጣልቃ ገብነትም ማንም ጣልቃ ሳይገባ ያለው ጊዜ መሆኑ ነው፤ የታሰበው ግን ተቃራኒው ነው። ሐሳቡን የሚገልጸው «ፈጥኖ መድረስ» ነበር፤ ዳሩ ግን «ፈጥኖ ደራሽ» የሚለውን ስም ፖሊስ ቀድሞ ወስዶታል። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ቀዳማይ ድጋፍ» እንበለው። «ቀዳማይ ልጅነት» የሚለው አጠራር በትምህርትና በጤና ሰነዶቻችን ገብቶ ስለቆየ ጆሮም አይጎረብጥም።

ቀዳማይ ድጋፍ ማለት ዕድገቱ የዘገየ፣ ወይም ሊዘገይ እንደሚችል ከወዲሁ የታወቀ ሕፃንና ቤተሰቡ ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ የሚያገኙት እርዳታ ነው፤ ሰፋ ሲል ትምህርት ቤት እስከ መግባት ይደርሳል። ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር)፣ ዳውን ሲንድሮም ወይም ኦቲዝም ያለባቸው፣ የመስማት ወይም የማየት ችግር ያለባቸው፣ ሲወለዱ የታፈኑ፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ ከማጅራት ገትር ወይም ጭንቅላት ላይ ከወጣ ወባ የተረፉ ልጆች ሁሉ ይመለከታቸዋል። ላንሴት ግሎባል ሄልዝ የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት መሠረት በ2016 በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑና የዕድገት ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት 52.9 ሚሊዮን ይገመቱ ነበር፤ ከመቶው ዘጠና አምስቱ የሚኖሩት እንደኛ ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ድጋፉ የበሽታው ስም እስኪታወቅ አይጠብቅም። በአንድ ዓመቱ ያልተቀመጠ ልጅ ምክንያቱ ሴሬብራል ፓልሲ ይሁን ሌላ፣ ሐኪሙ እስኪወስን ድረስ ተደግፎ መቀመጥን መለማመድ ይችላል። ምርመራው ይቀጥላል፤ ልምምዱም ይቀጥላል።

ለምን ይቸኮላል? ከሁሉ ግልጽ የሆነው መልስ ከጆሮ በኩል ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ የመስማት ችግራቸው ስድስት ወር ሳይሞላቸው ታውቆ ወዲያው እርዳታ የጀመሩ ሕፃናት ዘግይተው ከታወቁት ይልቅ በቋንቋ እጅግ የተሻሉ ሆነው እንደተገኙ አሳየ። ዛሬ በበለጸጉ አገሮች ያለው ደንብ አጭር ነው፤ በአንድ ወር ጆሮ ይፈተሽ፣ በሦስት ወር ውጤቱ ይረጋገጥ፣ በስድስት ወር ድጋፉ ይጀመር። እኛ ዘንድ ያው ልጅ አራት ዓመት ሲሞላው «እልኸኛ ነው፣ ሲጠሩት አይሰማም» ይባላል። በእርግጥም አይሰማም።

ሌላው ታሪክ ከዚያ ጥናት ይቀድማል፤ እኔ እንደ እሱ የገረመኝ የለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ሃሮልድ ስኪልስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ «ዘገምተኛ ናቸው» የተባሉ 13 ሕፃናት ከወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ወጥተው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሴቶች ወደሚኖሩበት ተቋም እንዲዛወሩ አደረገ። ሴቶቹ አቀፏቸው፣ አጫወቷቸው፣ እያንዳንዱን ሕፃን የኔ ልጅ አሉት። ልጆቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተለወጡ፤ ማሳደጊያው ውስጥ የቀሩት 12ቱ ግን ወደ ኋላ ቀሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲታተም ያላመነ ብዙ ነበር። ስኪልስ በ1966 ተከታትሎ ሲያያቸው 13ቱም አድገው ራሳቸውን ችለው ይኖሩ ነበር። የጥናቱ አሠራር ብዙ ትችት ደርሶበታል፤ ልጆቹም ጥቂት ናቸው። ቢሆንም እነዚያ ሴቶች ዲግሪ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ጊዜና እቅፍ ነው።

ከአሜሪካ ወደ አገራችን፣ ለምሳሌ ወደ ጎርጎራ እንምጣ። ጎርጎራ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በደንቢያ ምድር፣ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለች ከተማ ናት። እንግዳ የሚያውቃት በደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንና በቅርቡ ደግሞ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት በተሠራው መዝናኛ ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ እዚያ አይገኝም፤ በአገሪቱም ቢሆን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ያለው ጤና ኬላ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የክትባት ካርድና ቤተሰብ ነው። እኔ የምለው፣ ቀዳማይ ድጋፍ መጀመር ያለበት ከእነዚህ ከአራቱ ነው፤ ሕንፃ እስኪሠራ የሚጠብቅ ሕፃን ሦስት ዓመቱን ይጨርሳል።

ለደንቢያ ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ገደማ የወባ ወረርሽኝ በደንቢያ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። ሐኪም በሌለበት አገር ሐኪም እስኪበዛ ከመጠበቅ ይልቅ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር መላክ ተጀመረ። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የዚያው ሐሳብ ልጅ ነው፤ ሕክምናው ወደ ሰው ቤት ይሂድ ማለት ነው።

በሠፈር ደግሞ የሚባለው ይታወቃል። «የወንድ ልጅ አፍ ቶሎ አይፈታም»፤ «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው»፤ «ጸበል ይጠመቅና እናያለን»። የመጀመሪያው ለብዙ ልጆች እውነት ሆኖ ያልፋል፤ ዘግይተው አፋቸውን ፈትተው ከእኩዮቻቸው የሚደርሱ ብዙ ናቸው። ከጸበሉም ጋር ጠብ የለኝም፤ ጸበል የሚወሰድ ልጅ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያም ሊወሰድ ይችላል። የሚጎዳው «እናያለን» የሚለው ነው፤ በሕፃን ዕድሜ አንድ ዓመት ረጅም ነው።

መቼ ነው ታዲያ መጠየቅ የሚገባው? የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ሕፃናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መለኪያ፣ ጤነኛ ልጆች ከጥቂቶቹ በስተቀር እስከ ዘጠኝ ወር ግድም ያለ ድጋፍ ይቀመጣሉ፤ «ወፌ ቆመች» ተብሎላቸው ዳዴ ካሉ በኋላም ቢዘገዩ እስከ 18 ወር ድረስ ብቻቸውን ይራመዳሉ። በዓመቱ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በዓመት ከመንፈቁ የሚፈልገውን በጣቱ የማያመለክት ልጅም ሊታይ ይገባዋል። የክትባቱ ቀጠሮ ደግሞ ለዚህ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል፤ ሲወለድ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያ በ9 እና በ15 ወር። እናቲቱ ካርዷን ይዛ፣ ልጇን አዝላ፣ ራሷ ትመጣለች። መርፌው ከመወጋቱ በፊት «ይቀመጣል? ሲጠሩት ይዞራል?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ድጋፉ ራሱ በቤት ውስጥ ምን ይመስላል? ሰውነቱ የሚገተር፣ እግሮቹ እየተጠላለፉ የሚያስቸግሩት ልጅ እንውሰድ። ብዙ ጊዜ ቀኑን ሙሉ መደብ ላይ በጀርባው ተጋድሞ ይውላል፤ ሲርበው ጋደም አድርገው ይግቱታል። ምግቡ ወደ ሳንባው ሲገባ ትን ይለዋል፣ ቆይቶም የሳንባ ምች ይይዘዋል፤ ምክንያቱ ግን «ደካማ ስለሆነ» ይባላል። የሚለወጠው ነገር ትንሽ ነው። ቀጥ ብሎ፣ ጀርባውና ጎኑ በተጠቀለለ ጋቢ ተደግፎ፣ አገጩ ወደ ደረቱ ትንሽ ዘንበል ብሎ ይቀመጥ፤ የላመ ፍትፍት ጥቂት በጥቂት ይቅረብለት፤ ያንን ሳይውጥ ሌላ አይጨመርለት። አንገቱ ከጠና ደግሞ አንቀልባ አለ። አንቀልባ ልጁን እግሮቹን ከፍቶ በእናቱ ጀርባ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እግሮቹ ለሚጠላለፉ ልጅ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚያዘውም ይህንኑ ነው። ልጁ በዚያው ላይ ገበያውንና ሐይቁን ያያል፤ መደብ ላይ ግን የሚያየው ጣሪያ ነበር።

ላልተናገረ ልጅ ደግሞ ቡና የሚፈላበት ሰዓት ጥሩ ነው። ዳቦው በሙሉ ከተሰጠው ይዞ ይሄዳል። ትንሽ ቁራሽ ሰጥቶ፣ ፊት ለፊት ዓይን ዓይኑን እያዩ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው፤ እጁን ቢዘረጋ፣ ድምፅ ቢያሰማ፣ ቀና ብሎ ቢያይ እንደ ንግግር ተቆጥሮ «ጨምሪልኝ አልክ!» ተብሎ ሌላ ይሰጠዋል። ከባዱ ነገር መጠበቁ ነው፤ አያት አታስችልም፣ ትሰጠዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው፤ ልዩ ሐኪም ያልሆነ ሰው እንዲመራው ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ለኢትዮጵያም ተስማምቶ አዲስ አበባ ውስጥ ተሞክሯል።

የቤት ለቤቱ አሠራር አባት ግን ፖርቴጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ፖርቴጅ በምትባል ከተማ፣ ልጆቹ በየገጠሩ ተበታትነው ማእከል ማምጣት ስላልተቻለ ባለሙያዋ በየሳምንቱ ወደየቤታቸው ትሄድ ጀመር። ከእናቲቱ ጋር ጥቂት ሥራ ይመርጣሉ፤ እናቲቱ ሳምንቱን ሙሉ ታለማምዳለች፤ ባለሙያዋ በሳምንቱ ተመልሳ ታያለች። አሠራሩ ከዚያ ወዲህ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል። የከተማዋ ስም ጀልባን ከአንድ ውኃ ወደ ሌላ ውኃ በየብስ ተሸክሞ ማሻገር ማለት ነው፤ ታንኳውን ከሐይቅ አውጥቶ ለሚሸከም የጣና ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

አገራችን ባዶ አይደለችም። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርታ የጆይ ኦቲዝም ማእከልን ስትከፍት ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ እስከ 2021 ዕለተ ሞቷ ድረስ ስለዚያው ተናግራ አልጠገበችም። ነህምያ ኦቲዝም ማእከልና ለዳውን ሲንድሮም የቆመው ዲቦራ ፋውንዴሽን ተከትለዋል። ሁሉም ግን አዲስ አበባ ናቸው። ለጎርጎራ የሚቀርበው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ፊዚዮቴራፒ ያስተምራል፣ ቤት ለቤት የሚሄድ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ፕሮግራም አለው፣ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖም በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ሥራን የሚያለማምድ ሕክምና) ትምህርት ጀምሯል። ያለፉት ዓመታት ግጭት መንገዱን ባይዘጋው ኖሮ ከዚህም በላይ ይደርስ ነበር።

ቀዳማይ ድጋፍ ፈውስ አይደለም። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ ዳውን ሲንድሮም ይዞ ያድጋል፤ ልዩነቱ ራሱ ጎርሶ፣ ራሱ ለብሶ፣ ሰው ሰላም ብሎ ማደጉ ላይ ነው። ሌላም መነሳት ያለበት ነገር አለ፤ «ቤተሰቡ ይሥራ» ሲባል የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ እናት ብቻ ናት፤ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ «ምን ኃጢአት ሠርታ ነው?» የሚለውን ሐሜት ችላ። አባት ምሽት ላይ ልጁን ማብላቱን ከወሰደ ግማሹ ሸክም ይቀላል።

ጎንደር ሄዶ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ የቀረበ ቤተሰብ «ተመልሳችሁ ኑ» ተብሎ ብቻ አይውጣ፤ የመጓጓዣው ገንዘብ ሁልጊዜ አይገኝም። «ቤት ምን እንሥራ?» ብሎ ይጠይቅ። ባለሙያው ሲያሳይ አይበቃም፤ እናት ወይም አባት እዚያው በእጃቸው ሠርተው ይታረሙ፤ ስልክ የያዘ ካለ ይቅረጸው። ሁለት ልምምድ በቂ ነው፤ አሥር የታዘዘለት ቤተሰብ አንዱንም አይሠራም።