ግብር መባ ሲሆን፦ የአንድ ምእመን አያት ሕይወትና የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የቤተ ክርስቲያናችንን የቅርብ ዘመን ታሪክ ስንማር ብዙውን ጊዜ የምንይዘው የአባቶችን ስምና የታላላቅ ቀኖችን ቁጥር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በፋሺስት ጥይት ሰማዕትነትን ተቀበሉ። ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ተባለ፤ ቤተ ክርስቲያንም ለዘመናት የኖረችበትን የመሬት ገቢ አጣች።

እነዚህን ቀኖች ማወቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከመጨረሻው ቀን በኋላ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። መሬቷን ያጣች የገጠር አጥቢያ በቀጣዩ እሑድ እንዴት ቀደሰች? ለመሥዋዕቱ ስንዴውንና ዘቢቡን፣ ዕጣኑንና ጧፉን ማን አመጣ? ካህናቱስ በምን ኖሩ? እኔ የዚህን ጥያቄ መልስ ያገኘሁት በአብዛኛው ከአያቴ ሕይወት ነው።

አያቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት በመልካም ሽምግልና ዐርፈዋል። በሕይወት ሳሉ ስማቸው በአደባባይ ሲነሣ ደስ አይላቸውም ነበርና እዚህም አልጠቅሰውም። የተወለዱት በ1922 ዓ.ም. ገደማ፣ በሰሜን ሸዋ በምትገኝ አንዲት የቅዱስ ሚካኤል አጥቢያ ነው። ካህን አልነበሩም፤ ገበሬ ነበሩ። በልጅነታቸው ግን ከአጥቢያው የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብበው፣ ዳዊት ደግመዋል።

የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጦር የደብረ ሊባኖስን መነኰሳትና ዲያቆናት ፈጀ። የጣልያን ባለሥልጣናት ራሳቸው ወደ ሮም በላኩት ቴሌግራም 449 ሰዎች መገደላቸውን ገልጸዋል፤ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ቁጥሩን ከዚያ እጅግ ከፍ ያደርጉታል። አያቴ ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ የሚያስታውሱት የሰልፍና የጦርነት ወሬ አልነበረም። ትልልቆቹ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩና ሴቶች በየጓዳው ሲያለቅሱ እንደ ሰሙ ብቻ ይናገሩ ነበር። ዳዊታቸውን አጥብቀው መያዝ የጀመሩት በዚያ ወራት መሆኑን ቤተሰባችን ይናገራል።

መዝሙረ ዳዊት ለየዕለቱ ተከፍሎ እንደሚደገም ታውቃላችሁ። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሑድ ደግሞ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል። አያቴ ይህን ሥርዓት ከልጅነት እስከ እርጅና ሳያጓድሉ ለመጠበቅ ይጥሩ ነበር። ዓይናቸው ሲደክም ከቃላቸው ይደግሙት ጀመር። ይሁን እንጂ እስከ ጎልማሳነታቸው ድረስ መጻፍ አይችሉም ነበር። በቀድሞው የቄስ ትምህርት ቤት ንባብና ጽሕፈት የተለያዩ ሙያዎች ነበሩና፣ ዳዊት የደገመ ሁሉ ብዕር ይይዛል ማለት አልነበረም።

አሁን ወደ መሬቱ ጉዳይ እንመለስ። አያቴ የሚያርሱት መሬት የሰሞን መሬት ነበር። ሰሞን የሚባለው ግብሩ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚውል መሬት ነው። ከምርቱ የሚገባውን ግብር በየዓመቱ ለደብሩ ያስገባሉ፤ ካህናቱም በዚያ እየተዳደሩ ይቀድሳሉ፣ ማኅሌት ይቆማሉ፣ ያስተምራሉ። ይህ ሥርዓት ለብዙ ዘመን አገልግሎቱን አጽንቶ ያቆየ ቢሆንም፣ ሸክሙ በገበሬው ትከሻ ላይ የከበደበት ጊዜና ስፍራ እንደ ነበረ መካድ ታሪክን መበደል ነው። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ የወጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። አያቴም ቢሆኑ ምርት በቀጠነበት ዓመት ግብሩ እንዴት ያስጨንቃቸው እንደ ነበር ሳይሸሽጉ ይናገሩ ነበር።

በ1967ቱ አዋጅ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር ያልበለጠ መሬት እንዲያርስ ሲፈቀድ፣ ገበሬውም በገበሬ ማኅበር ሲደራጅ፣ አያቴ ሲያርሱት የኖሩት መሬት በእጃቸው ቀረ። ግብሩም ተነሣላቸው። በአንጻሩ ካህናቱ መተዳደሪያቸውን አጡ፤ እንደ ማንኛውም ገበሬ ድርሻቸውን እያረሱ ለማገልገል ተገደዱ። ኑሮ የከበዳቸው ወደ ከተማ ተሰደዱ፤ የየኔታም ጉባኤ ተፈታ። አዋጁ ለአንዱ እፎይታ፣ ለሌላው ችግር ሆኖ በአንድ አጥቢያ ውስጥ ወረደ ማለት ነው።

የዚያን ዓመት እህል ሲወቃ አያቴ ቀድሞ በግብርነት የሚያስገቡትን ያህል ሰፍረው በአህያ ጭነው ወደ ደጀ ሰላም ወሰዱት። ማንም አላዘዛቸውም። እንዲያውም በጊዜው እንዲህ ማድረግ በጥርጣሬ ያሳይ ነበር። ጎረቤቶቻቸው «ነጻ ወጥተህ ሳለ ምነው?» ብለው ሲጠይቋቸው የሰጡት መልስ በቤተሰባችን ዘንድ እስከ ዛሬ ይነገራል፦ «ድሮ የሰጠሁት ግብር ነው፤ ዛሬ የምሰጠው ግን መባ ነው።»

በእኔ እይታ የዚያ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ በዚህ ቃል ውስጥ አለ። አዋጁ የወሰደው ግዴታን ነበር፤ ፍቅርን ግን ሊወስድ አልቻለም። እርግጥ ሁሉም ሰው እንዲህ አደረገ ማለት አይደለም፤ አስቀርቶ ቤቱን የሠራበትም ነበር። የአጥቢያው ደጅ ሳይዘጋ የቀረው ግን ሳይገደዱ በሰጡት ጥቂቶች ነው።

ለዚህ ስጦታ መሰብሰቢያ የሚሆነው ሥርዓት አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ሁለተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1965 ዓ.ም.፣ ማለትም ከመሬት አዋጁ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው፣ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት አጥቢያቸውን የሚያስተዳድሩበትን ሰበካ ጉባኤ በቃለ ዓዋዲ መሥርተው ነበር። እኒህ አባት በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. በግፍ ተገደሉ። ዐፅማቸው በክብር ያረፈው በ1984 ዓ.ም. በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። እርሳቸው በወኅኒ ሳሉ፣ ከዕረፍታቸውም በኋላ፣ የተከሉት ሥርዓት አጥቢያዎችን ይመግብ ነበር።

በዚያው በ1971 ዓ.ም. መንግሥት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን ጀመረ። ወደ ሃምሳ የተጠጉት አያቴም ከልጆቻቸው እኩዮች ጋር ተቀምጠው መጻፍ ተማሩ። ብዕር መያዝ ከቻሉ በኋላ ከሁሉ አስቀድመው የጻፉት የአጥቢያውን መዋጮ ነው። የሰንበቴው ሙሴ ነበሩና፣ ማን ስንት ቁና ስንዴ እንዳመጣ፣ ማን ዘቢብ እንደ ገዛ፣ ማን ለጧፍ ሰም እንደ ሰጠ በደብተር አሰፈሩ። ሃይማኖትን በማይወድ ዘመን የተሰጠ ትምህርት ለቤተ መቅደስ መዝገብ ሆነ።

ሰንበቴ ለብዙዎቻችን ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ጠላ የሚቀመስበት ስፍራ ብቻ ሊመስለን ይችላል። በዚያ ዘመን ግን ድሃውና መንገደኛው የሚጠግብበት፣ የታመመው የሚጠየቅበት፣ የካህኑ ችግር የሚሰማበት ጉባኤ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ በእሑድ ማለዳ ሲጠራ፣ አያቴና ጓደኞቻቸው ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ሰንበቴውን በአጭሩ ባርከው ወደ ስብሰባው ይሄዱ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ የሣር ክዳን በቆርቆሮ የተለወጠውም በዚሁ ጉባኤ ነው፤ እያንዳንዱ አባወራ አንድ አንድ ቆርቆሮ ገዝቶ ከገበያ በትከሻው ተሸክሞ አመጣ። የሰጪዎቹ ስም በደብተሩ አለ። ብዙዎቹ አሁን በሕይወት የሉም።

ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የእምነቱን ሥር ከአያቱ ከሎይድ ይጀምራል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። ሙሴም እስራኤልን ስለ ቀድሞው ዘመን አባቶቻቸውንና ሽማግሌዎቻቸውን እንዲጠይቁ አዝዟል (ዘዳ. 32፥7)። እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በዚህ ትእዛዝ ላይ ልንቸኩል ይገባናል። 1967 ዓ.ም.ን በጎልማሳነት ያዩ ሰዎች ዛሬ በየአጥቢያችን ጥቂት ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው በቅኔ ማኅሌቱ ጥግ የምናያቸው አረጋውያን እነርሱ ናቸው። ደወሉን ማን እንደ ሰጠ፣ ቅጥሩ መቼ እንደ ታጠረ፣ በጭንቁ ጊዜ ካህናቱን ማን እንደ መገበ ጠይቀን እንጻፍ። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የተቀመጡ የሰንበቴና የማኅበር ደብተሮችን፣ ባለቤቶቹን አስፈቅደን፣ ፎቶ አንሥተን ግልባጩን ለሰበካ ጉባኤው እናስረክብ። እኒህ ሰዎች ሲያልፉ አብሮ የሚቀበረው የአጥቢያው ታሪክ ነውና።

መጻፍ ብቻውን ግን አይበቃም። ዛሬም የገጠር አጥቢያዎች ዕጣንና ዘቢብ አጥተው፣ አገልጋይ አጥተው ይቸገራሉ፤ እኛንም አስራት አውጡ ብሎ የሚያስገድደን ሕግ የለም። ስለዚህ አያቴ በ1967 ዓ.ም. የቆሙበት መንታ መንገድ ለእኛም በየወሩ ይመጣል፤ ማንም ሳያዝዘን የምንሰጠው ምንድን ነው?

የአባቶቻችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ በረከታቸው ይደርብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።