የምጥ ውሳኔ የማን ነው? ከንግሥት ቪክቶሪያ እስከ ቃሊቲ

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለውን ተረት መቼም ታውቁታላችሁ። ከእሱ በላይ የሚያውቀውን ሰው ላስተምር የሚል ሰው ሲያጋጥም የሚወረወር ነው። ስለ ምጥ በተጻፈው ታሪክ ውስጥ ግን እናቶችን ለማስተማር ያልሞከረ የለም፤ ሐኪሙም፣ ቄሱም፣ ባልም፣ የእስር ቤት ጠባቂውም ሞክረዋል።

ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ ይሄ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር የምጧን ህመም በመድኃኒት ታስታግሰው ወይስ ያለ መድኃኒት፣ በተፈጥሮ ትውለድ? ጥያቄው የዘመናችን ይመስላል እንጂ ከ170 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ታሪኩን ለመረዳት ደግሞ ከማትጠብቁት ቦታ እንነሳ፤ ከቃሊቲ።

ቃሊቲ፣ 1998 ዓ.ም.

ቃሊቲ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ይገኛል። የከተማው ሰው «ቃሊቲ ገባ» ካለ ደግሞ ታሰረ ማለቱ ነው፤ ማረሚያ ቤቱ የሰፈሩን ስም ወስዶበታል። ከግቢው ክፍሎች አንዱ የሴቶች ነው። ሴቶች ባሉበት ደግሞ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናትም ይኖራሉ።

ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በተነሳው ቀውስ ብዙ ጋዜጠኞች ታስረው ነበር። «አስኳል»፣ «ሚኒሊክ» እና «ሳተናው» የተባሉትን ጋዜጦች ታሳትም የነበረችው ሰርካለም ፋሲል አንዷ ናት፤ ባለቤቷ እስክንድር ነጋም አብሯት ታስሯል። ሰርካለም በ1998 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳለች በፖሊስ ሆስፒታል ወንድ ልጅ ወለደች። በወቅቱ እንደተዘገበው ሕፃኑ ጊዜው ሳይደርስ፣ ክብደቱም አንሶ ነበር የተወለደው። በ1999 ዓ.ም. ከእስር ወጣች፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ዓለም አቀፉ የሴቶች ሚዲያ ፋውንዴሽን የጋዜጠኝነት ድፍረት ሽልማት ሰጣት።

አሁን አንድ ነገር አስቡ። ነፃ የሆነች ሴት በእርግዝናዋ ወራት ብዙ ነገር ትወስናለች። የት ልውለድ? እናቴ ትምጣ ወይስ እህቴ? ህመሙ ቢጠናብኝ መድኃኒት ልጠይቅ? ምጡ ሲመጣ ልራመድ ወይስ ልተኛ? የታሰረች ሴት ግን ወደ ሆስፒታል የምትሄደው በር ሲከፈትላት ነው፤ አጠገቧ ማን እንደሚቆም የምትወስነውም እሷ አይደለችም። ስለዚህ «መድኃኒት ወይስ ተፈጥሮ?» ከማለታችን በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ውሳኔው በማን እጅ ነው? የምጥ ህመምን ታሪክ በዚህ ጥያቄ ስናነበው ሌላ መልክ ይይዛል።

ንግሥቲቱና ሦስቱ ሴቶች

እ.ኤ.አ. በጥር 1847 በስኮትላንድ ኤድንብራ ከተማ ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን የተባለ ሐኪም ለምታምጥ ሴት ኤተር አሸተታት። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ ክሎሮፎርምን ከጓደኞቹ ጋር በራሱ ላይ ሞከረው፤ ሁሉም ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በምጥ ላይ ላለች ሴት ሰጠው።

ብዙ ጊዜ «ቤተ ክርስቲያን ተቃወመችው» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ምክንያቱም በኦሪት ዘፍጥረት ለሔዋን «በጭንቅ ትወልጃለሽ» ተብሏል። ሲምፕሰንም አዳም ከባድ እንቅልፍ ወስዶት ጎድኑ እንደተወሰደ ጠቅሶ፣ የመጀመሪያውን ማደንዘዣ የሰጠው እግዚአብሔር ራሱ ነው ሲል ተከራክሯል። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን የሃይማኖቱ ተቃውሞ ከሚወራው ያነሰ እንደነበር አሳይተዋል። ጠንከር ያለው ተቃውሞ የመጣው ከሐኪሞች ነው። የፊላደልፊያው ቻርልስ ሜግስ የምጥ ህመም ተፈጥሯዊና ጠቃሚ ነው፣ ሊነካ አይገባም ባይ ነበር። በእርግጥ ክሎሮፎርም አደጋ አለው፤ መጠኑ ካለፈ ይገድላል።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ስምንተኛ ልጇን ስትወልድ ሐኪሙ ጆን ስኖው ክሎሮፎርም በመሐረብ ላይ እያንጠባጠበ ለ53 ደቂቃ አሸተታት። በዓመቱ በለንደን የኮሌራን ምንጭ ከአንድ የውሃ ቧንቧ ያገኘው ሰው እሱ ነው። ንግሥቲቱ ከወደደችው በኋላ ክርክሩ በረደ። ማን ይከለክላታል?

በእነዚያው ዓመታት ከአትላንቲክ ማዶ ምን ይሆን ነበር? በአሜሪካ አላባማ ግዛት ጄምስ ማሪዮን ሲምስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1849 ፊስቱላን በቀዶ ሕክምና ለመጠገን ይሞክር ነበር። ፊስቱላ ለቀናት ከሚቆይ ምጥ የሚመጣ ጉዳት ነው፤ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን የውስጥ አካል ለረጅም ሰዓት ሲጫነው ሥጋው ይሞትና ቀዳዳ ይፈጠራል፣ ሽንት ሳይቋረጥ ይፈሳል። ሲምስ የሞከረባቸው ሴቶች በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ናቸው። የሦስቱን ስም እናውቃለን፦ አናርካ፣ ቤትሲ እና ሉሲ። አናርካን ብቻ 30 ጊዜ ገደማ በስለት ነክቷታል። ኤተር በ1846 በአደባባይ ከታየ በኋላም ቢሆን ማደንዘዣ አልሰጣቸውም።

ንግሥቲቱ መረጠች። ሦስቱን ሴቶች የጠየቃቸው አልነበረም። ሳይንሱ ለሁለቱም ወገን በአንድ ዘመን ነበረ።

የፊስቱላ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን አቋቁመዋል። እዚያ ሴቶቹ ደንዝዘው ነው የሚታከሙት።

ማሰሪያ ያለው አልጋ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ፍራይቡርግ ውስጥ «የድንግዝግዝ እንቅልፍ» የሚባል ዘዴ ታወቀ። ሞርፊንና ስኮፖላሚን የተባሉ ሁለት መድኃኒቶች ይቀላቀላሉ። ሞርፊኑ ህመሙን ትንሽ ያበርዳል፤ ስኮፖላሚኑ ደግሞ ትዝታን ያጠፋል። ልብ በሉ፤ ሴቲቱ ህመሙ ይሰማታል፣ ትጮኻለች፤ ስትነቃ ግን ምንም አታስታውስም።

የአሜሪካ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1914 ማኅበር አቋቁመው ይህ ዘዴ እንዲሰጣቸው ታገሉ። ትግሉ የመብት ትግል ነበር፤ «ህመማችንን ቸል አትበሉ» ነው ያሉት። ታዲያ ከዓመታት በኋላ ምን ሆነ? ለመምረጥ የታገሉለት ነገር ሳይጠየቁ የሚሰጥ ሆነ። በመድኃኒቱ የተነሳ የሚወራጩ ሴቶች እጅና እግራቸው ከአልጋ ጋር ይታሰር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1958 «ሌዲስ ሆም ጆርናል» የተባለው መጽሔት እናቶች የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ሲያትም አገር ደነገጠ። በሆስፒታል፣ በሰላም ጊዜ፣ ወንጀል ያልሠሩ ሴቶች ታስረው ይወልዱ ነበር እኮ!

ፍርሃትና ህመም

በተቃራኒው ወገን እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ ሪድ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው መጽሐፍ «በተፈጥሮ መውለድ» የሚለውን ሐሳብ አስፋፋ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ፍርሃት ሰውነትን ያኮማትራል፣ መኮማተሩ ህመሙን ይጨምራል፣ ህመሙ መልሶ ፍርሃትን ያባብሳል። ስለዚህ ሴቲቱ ስለ ምጥ አስቀድማ ትማር፣ ትረጋጋ፣ ብቻዋን አትተዋት ይል ነበር።

በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ስንፈራ ሰውነታችን አድሬናሊን ያመነጫል፤ ይህ ደግሞ ማኅፀን የሚኮማተርበትን ሂደት ሊያዘገየው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1965 ሜልዛክና ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ የህመም መልእክት አከርካሪ ውስጥ «በር» እንዳለው የሚገልጽ ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። የመታሸትና የመዳሰስ ስሜት በሩን በከፊል ሊዘጋው ይችላል። ጉልበታችሁ ሲጋጭ ወዲያው የምታሹት ለምን ይመስላችኋል?

ሪድ ግን ስሕተትም ነበረበት። «ጥንታዊ» ያላቸው ሕዝቦች ሴቶች ብዙም ሳይታመሙ ይወልዳሉ ብሎ ያምን ነበር። ይህ አስተሳሰብ የሲምስ ዘመን ቅሪት ነው። አፍሪካዊት ሴት ህመም አይሰማትም ማለት፣ ማስታገሻ አያስፈልጋትም ለማለት መንገድ ይከፍታል።

ዛሬ በስፋት ከሚሰጡት ማስታገሻዎች ህመሙን በደንብ የሚያስቆመው ኤፒዱራል ነው። ሐኪሙ በታችኛው ጀርባ በኩል ቀጭን ቱቦ ያስገባና መድኃኒቱ የህመሙን መልእክት መንገድ ላይ ያስቀረዋል። እናቲቱ ነቅታ ትወልዳለች። የደም ግፊት ሊወርድ፣ እግር ሊደነዝዝ፣ የመግፋቱ ጊዜ ሊረዝም ስለሚችል የሠለጠነ ባለሙያና የቅርብ ክትትል ይፈልጋል። በአገራችን በአብዛኛው የመንግሥት ጤና ተቋም ውስጥ ይህ አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ ኤፒዱራልንም፣ እንደ ፔቲዲን ያሉ መርፌዎችንም፣ መታሸትንና አተነፋፈስንም እንደ እናቲቱ ፍላጎት እንዲሰጡ ይመክራል። አንዱን ከሌላው አያስበልጥም፤ ምርጫውን ለእሷ ይተዋል።

እኛ ቤትስ?

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢ በጤና ተቋም የሚወልዱት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2019 ቁጥሩ 48 በመቶ ደርሷል። ሰርካለም በወለደችበት ዘመን እንግዲህ ከ100 እናቶች 95ቱ ቤታቸው ነበር የሚወልዱት።

ቤት መውለድ አደጋ ነበረው፤ ደም ቢፈስ፣ ምጡ ቢጠና የሚደርስ ሐኪም የለም። ብዙ እናት ሞታለች። የፊስቱላም አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። ግን አንድ ነገር አልጎደለም፤ ሰው። የልምድ አዋላጇ ሆድ በቅቤ ታሻለች፣ አንዷ ጎረቤት ከኋላ ትደግፋለች፣ ሌሎቹ «ማርያም! ማርያም!» ይላሉ፤ ሙስሊም ቤት ከሆነ ዱዓ ይደረጋል። የምታምጠው ሴት በርከክ ትላለች፣ ትነሳለች። ከወለደች በኋላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብላ ገንፎ ይቀርባል።

ሳይንስ ይህን በኋላ ነው ያረጋገጠው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የኮክሬን ግምገማ ከ15,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን 26 ጥናቶች አንድ ላይ አየ። በምጥ ጊዜ ሳይቋረጥ አጋዥ ያላቸው ሴቶች ያለ ኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ይላል፣ ማስታገሻ የመጠየቅ ፍላጎታቸውም ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም አጃቢ እንድትመርጥ፣ እንድትንቀሳቀስም ይመክራል።

አሁን ሁለቱን ምርጫዎች አስተያዩ። በመድኃኒት ለመውለድ በቶሎ ባለሙያ ጋር መድረስ ያስፈልጋል። በተፈጥሮ ለመውለድ ደግሞ መራመድ፣ መረጋጋት፣ የሚያምኑት ሰው አጠገብ መሆን። እስር ቤት ሁለቱንም ያጠባል።

ወደ ማረሚያ ቤቱ በር

ይህን ዓለም ቀስ ብሎ ነው የተረዳው። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጡት የተባበሩት መንግሥታት የእስረኛ አያያዝ ደንቦች፣ በተቻለ መጠን ልጅ ከእስር ቤት ውጭ በሆስፒታል እንዲወለድ፣ እስር ቤት ከተወለደም ይህ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ እንዳይጻፍ ይላሉ። ሆኖም በ1996 በእንግሊዝ የሆሎዌይ እስር ቤት አንዲት ሴት ምጥ ላይ ሆና በሰንሰለት መታሰሯ በቴሌቪዥን ታየና ሕዝብ ተቆጣ፤ መንግሥት አሠራሩን ለመቀየር ተገደደ። በታኅሣሥ 2010 የጸደቁት የባንኮክ ደንቦች በ24ኛው ቁጥር ላይ በምጥ ጊዜ፣ በመውለድ ሰዓትና ወዲያው ከወለደች በኋላ ሴትን ማሰር ፈጽሞ ከልክለዋል። አሜሪካ በፌዴራል እስር ቤቶቿ ይህን በሕግ የከለከለችው በ2018 ነው።

የእኛው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉና የተፈረደባቸው ሰዎች ሰብዓዊ ክብራቸውን በሚጠብቅ ሁኔታ እንዲያዙ፣ የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪና ሐኪም እንዲጎበኛቸው መብት ይሰጣል። ዝርዝሩን ከላይ ካነበባችሁት የምጥ ሳይንስ ጋር አስተያዩት። ሐኪም ለመድኃኒቱ፣ ዘመድ ለፍርሃቱ። እስር የሚወስደው የመውጣት ነፃነትን ነው፤ የሚያምጥ ሰውነትን ውሳኔ እንዲወስድ የፈረደ ሕግ የለም።

እንግዲህ አንድ ቀን እህታችሁ፣ ሚስታችሁ ወይም እናንተ ራሳችሁ ይህ ምርጫ ይገጥማችኋል። ያን ጊዜ ከሚድዋይፍ ወይም ከሐኪም ጋር ቀደም ብላችሁ ተነጋገሩ። «የቱ ይሻላል?» ብሎ ክርክር ሲነሳ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አጠገቧ ማን አለ? መንቀሳቀስ ትችላለች? ሐሳቧን ብትቀይር የሚሰማት አለ? ሦስቱም መልስ ካገኙ ሁለቱም መንገድ መልካም ነው። መልስ ካላገኙ ግን፣ ቤቷ ያለችውም ቃሊቲ ያለችውም ገና አልመረጡም።