የአጭር ርቀት ሯጮች መጎተቻ ስሌድ
ብረት፣ የናይሎን ገመድ፣ የወገብ ቀበቶ

ሯጩ ቀበቶውን ወገቡ ላይ ያስራል፤ ስሌዱ በገመድ ከኋላው ይከተለዋል። መሐል ላይ በቆመው ዘንግ የክብደት ብረቶች ይደረደራሉ። ከሥር ያሉት ሁለት የብረት እግሮች ቀለማቸው ተልጦ የሚያብረቀርቁት መም ላይ ብዙ በመጎተታቸው ነው።

በ100 ሜትር ውድድር የመጀመሪያዎቹ ሜትሮች የግፊት ሜትሮች ናቸው። ሯጩ ወደ ፊት አዘንብሎ መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል። ስሌዱ ይህን ቅጽበት ያራዝመዋል፤ እግር መሬት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ እርምጃ ያጥራል፣ ጉልበትም አግድም መግፋትን ይለምዳል።

ዋናው ጥያቄ የክብደቱ መጠን ነው። ብዙ አሠልጣኞች የሯጩን ፍጥነት ከ10 በመቶ በላይ የማይቀንስ ቀላል ሸክም ይመርጡ ነበር፤ ከዚያ ከበለጠ የአሯሯጥ ስልት ይበላሻል የሚል ስጋት ነበራቸው። ኋላ ግን የሰውነትን ክብደት 80 በመቶ የሚያህል ሸክም ጭምር ለአነሳስ ልምምድ ተሞክሯል። በኪሎ ብቻ መለካት ግን ያሳስታል። ያው 20 ኪሎ ሣር ላይና መም ላይ እኩል አይከብድም፤ ሰበቃው ይለያያልና። የሚሻለው መለኪያ ሯጩ ምን ያህል እንደዘገየ ማየት ነው።

እንደ ስሌዱ ከሯጩ ኋላ ታስሮ የሚጎተተው የሩጫ ጃንጥላ ግን አሠራሩ ሌላ ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ስሌድ በማይገኝበት ሜዳ ደግሞ በገመድ የታሰረ አሮጌ የመኪና ጎማ ሥራውን በሚገባ ይሠራል።