ከኬላው ውጭ የቀሩ

የአገር ድንበር በወሰን ምልክቱ ላይ ብቻ የሚገኝ ይመስለናል። በጅቡቲ ታሪክ ግን ድንበር እስከ ከተማዪቱ ደጃፍ የመጣበት ጊዜ አለ።

በኦገስት 1966 እ.ኤ.አ. ጄኔራል ደ ጎል ጅቡቲን ሲጎበኙ፣ ነጻነትን የጠየቀ ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ ደምም ፈሰሰ። ከዚህ በኋላ የቅኝ ገዥው መንግሥት ከተማዪቱን 14 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም እሾሃማ ሽቦ አጠራት፤ የጥበቃ ማማዎች አቆመ፤ ፈንጂም ቀበረ። አጥሩ «ባራዥ» ተባለ። ወረቀት ያለው በኬላው ያልፋል፤ የሌለው ውጭ ይቀራል።

ውጭ የቀሩት ግን ሁሉም ወደ መጡበት አልተመለሱም። በቆርቆሮና በጣውላ ጎጆ ቀለሱ፤ ባልባላም ተቆረቆረች። ሽቦው ከ1977ቱ ነጻነት በኋላ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተነሣ። ለጊዜው የተቀለሰው ሠፈር ግን ዛሬ የከተማዪቱ ሰፊ ክፍል ነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. የወረቀት ጥያቄ እንደገና ተነሣ። መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው የውጭ ዜጎች እስከ ኦገስት 31 እንዲወጡ አዘዘ፤ ቀኑንም እስከ ሴፕቴምበር 15 አራዘመ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች፣ አገሪቱን ለቀቁ። መመለስን የፈሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ደግሞ ጥገኝነት ጠየቁ። እነርሱም ከከተማው ርቆ በአውር አውሳ ወደተቋቋመው ጊዜያዊ ጣቢያ ተወሰዱ፤ የስደተኝነት ጥያቄያቸውም መመርመር ጀመረ።

ባራዥ ሳያስበው ከተማ ትቶ አለፈ። አውር አውሳ ደግሞ በዚያ በኩል ባለፉት ሰዎች ትዝታ ውስጥ ይኖራል። ያ ትዝታ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ሊጻፍ ይገባዋል። መዝገብ የሚይዘው ማን እንደገባና ማን እንደወጣ ነው፤ ደጅ ላይ ቆሞ መጠበቅ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የጠበቀው ሰው ብቻ ነው።