መብራት ሲሄድ ሶኬቱ የሚሰጠው ምስክርነት

ደብረ ማርቆስ ላይ መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ወደ ደጅ ወጥቶ “የሰፈሩ ነው ወይስ የሁሉም?” ይላል፡፡ ጥያቄው ሻማ ከመፈለግ ያለፈ ነው፡፡ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ኃይል አመንጭቶ በከፍተኛ መስመር የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛው የሚያከፋፍለው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በመሆኑ፣ ተጠያቂው እንደ ብልሽቱ ቦታ ይለያያል፡፡ ደንበኛው በእጁ ምንም ማስረጃ የሌለው ይመስለዋል፡፡ ሆኖም ከፊሉን ከሶኬቱ ማንበብ ይችላል፡፡

የመብራታችን ሞገድ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ 50 ኸርዝ የሚባለው ይህ ፍሪኩዌንሲ ነው፡፡ ቮልቴጅ የሰፈር ጉዳይ ነው፤ ምጣዱ ሁሉ ሲጣድ ይወርዳል፡፡ ፍሪኩዌንሲ ግን በአንድ መረብ ለተያያዘው ሁሉ የጋራ ነው፡፡ ከበለስ ተነስቶ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ የሚዘልቀው ባለ 400 ኪሎ ቮልት መስመር እስካልተቆረጠ ድረስ፣ የበለስ ተርባይንና የማርቆስ ሶኬት አንድ ምት ነው ያላቸው፡፡ ፍጆታ ከምርት ሲበልጥ ተርባይኖቹ ይዘገያሉ፣ ቁጥሩም ከ50 በታች ይወርዳል፡፡

መለኪያውን በአንድ ርካሽ ማይክሮኮንትሮለር መሥራት ይቻላል፡፡ 220 ቮልት ይገድላልና በቀጥታ አይነካም፤ በትንሽ ትራንስፎርመር ወደ 9 ቮልት ገደማ ይወርዳል፡፡ በሰከንድ ስንት ሞገድ አለፈ ብሎ መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ ስህተቱ እስከ 1 ኸርዝ ይደርሳል፡፡ የሚለካው የአንዱ ሞገድ ዕድሜ ነው፡፡ በ16 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ አርዱዊኖ ምቱ ለ8 ሲካፈል በሰከንድ 2 ሚሊዮን ይቆጥራል፤ አንድ ሞገድ 40,000 ቆጠራ ይሆናል፡፡ የአንድ ቆጠራ ልዩነት 0.00125 ኸርዝ ብቻ ነው፡፡

ብዙዎች የሚታለሉት እዚህ ላይ ነው፡፡ አርዱዊኖ ኡኖ ጊዜ የሚቆጥረው በሴራሚክ ሬዞኔተር ሲሆን፣ ይህ በመቶ 0.5 ቢሳሳት 50 ኸርዙ በ0.25 ይዛነፋል፤ ከነጥብ በኋላ የተደረደሩት አኃዞች ጌጥ ናቸው ማለት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ በሰርቢያና በኮሶቮ የኃይል ጭቅጭቅ ሳቢያ የአውሮፓ መረብ አማካይ ፍሪኩዌንሲ ወደ 49.996 ኸርዝ ወርዶ፣ ከመብራት መስመር ጊዜ የሚቆጥሩ ሰዓቶች 6 ደቂቃ ያህል ዘግይተው ነበር፡፡ እንዲህ ያለውን 0.004 ለማየት ጥሩ ክሪስታል፣ ከተቻለም በየሰከንዱ ምት የሚሰጥ የጂፒኤስ መቀበያ ያስፈልጋል፡፡ ጂፒኤሱ የእያንዳንዱን መዝገብ ሰዓትም ያረጋግጣል፡፡

መሣሪያው መብራት ከሄደም በኋላ መዝገቡን እንዳያጣ በባትሪ ይሠራ፡፡ ከመጥፋቱ በፊት ቁጥሩ እየወረደ ከመጣ ችግሩ የመረቡ ነው፤ በ50 አካባቢ ቆሞ ድንገት ከተቋረጠ የመስመር ብልሽት ይጠረጠራል፡፡ መስመሩ የሰፈሩ ይሁን ከፍተኛው ግን አይለይም፡፡ አንድ ምስክር ብቻውን አያስተማምንምና ሁለተኛ መሣሪያ ሌላ ከተማ ቢቀመጥ መልካም ነው፡፡ ጀኔሬተር ወይም ኢንቨርተር በተነሳበት ቢሮ ደግሞ የሚነበበው የዚያው የጀኔሬተሩ ወይም የኢንቨርተሩ ፍሪኩዌንሲ እንጂ የመረቡ አይደለም፡፡